የወረቀት ክብ እና የሰማይ ክብ፦ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የሥነ ፈለክ መጻሕፍት ውስጥ ስለ ትንንሽ ክቦች አቆራረጥ



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ መጠኑ ትንሽ ነው። ዋና ባለ ጉዳዩ ስፋቱ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ አንድ የወረቀት ክብ ነው። የሳይንስ ታሪክ ጸሐፊዎች የቆየ የሥነ ፈለክ መጽሐፍ ሲገልጡ አስቀድመው ጽሑፉን ያነባሉ፤ ቀጥለው ሥዕሉን ያያሉ፤ የወረቀቱን ጠርዝ የሚመለከት ግን ጥቂት ነው። እኔ በዚህ ንግግር የምከራከረው ጠርዙም የሚነበብ ምስክር እንደ ሆነ ነው። በ1540 በባቫርያ ታትሞ ለንጉሠ ነገሥት የተበረከተ አንድ መጽሐፍ የፕላኔቶችን ስፍራ የሚናገረው በቃል ወይም በሠንጠረዥ ሳይሆን በሚሽከረከሩ የወረቀት ክቦች ነበርና፤ ክቡ በትክክል ካልተቆረጠ መጽሐፉ ሐሰት ይናገራል። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላስታውስ።

የሚሽከረከር የወረቀት ክብ በመጽሐፍ ውስጥ መግባት የጀመረው ከኅትመት በፊት ነው። በእንግሊዝ የቅዱስ አልባን ገዳም መነኩሴ የነበረው ማቲው ፓሪስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ባዘጋጀው የታሪክ መጽሐፍ መግቢያ ላይ የትንሣኤ በዓል የሚውልበትን ቀን ለማግኘት የሚያገለግል ተሽከርካሪ ክብ እናገኛለን። የማዮርካው ሊቅ ራሞን ሉልም ዘጠኝ ዘጠኝ ፊደላት የተጻፉባቸውን ሦስት ክቦች አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ በማዞር የእምነትና የፍልስፍና ጽንሰ ሐሳቦችን ያጣምር ነበር። በሁለቱም ዘንድ ክቡ ከብራና የተቆረጠ ሲሆን በእምብርቱ በኩል በክር ይያዛል። ከእነዚህ ክቦች የሚጠበቀው ልክነት ዝቅተኛ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። የሉል ክብ አንድ ፊደል ከሌላ ፊደል ጋር እንዲገጥም ብቻ ይፈለጋል፤ ዘጠኝ ክፍል ያለው ክብ ደግሞ አንዱ ክፍል 40 ዲግሪ ስለሆነ፣ ሁለት ሦስት ዲግሪ ቢሳሳት የሚጎዳው ነገር የለም።

የበዓላት ስሌት ሲነሣ የእኛን ባሕረ ሐሳብ ሳላስታውስ ማለፍ አልችልም። ሊቃውንቶቻችን የዘመንን ዑደት የሚጠሩበት ቃል «ዐውድ» ነው፤ ክብ ማለት ነው። ዐውደ አበቅቴ 19 ዓመት፣ ዐውደ ፀሐይ 28 ዓመት፣ ዐውደ ማኅተም 76 ዓመት፣ ዐውደ ቀመር 532 ዓመት ነው። የ19 ዓመቱ ዑደት እነ ማቲው ፓሪስ ትንሣኤን የሚያሰሉበት ራሱ ዑደት ነው፤ ምንጩም በሁለቱ ወገን እስክንድርያ ነው። ልዩነቱ ያለው በመሣሪያው ላይ ነው። በእኛ ትምህርት ቤት ክቡ በተማሪው አእምሮ ውስጥ ይዞራል፤ ቁጥር ተደምሮ በዐውዱ ይገደፋል፣ የተረፈው ይያዛል። በቁጥር የሚዞር ክብ ጠርዝ የለውምና አይሻክርም፤ እምብርቱም አይሰፋም። ወረቀት ቆርጦ ለሚያዞር ሰው ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም።

ኅትመት ሲመጣ ሁኔታው ተለወጠ። ሬጊዮሞንታኑስ በ1474 በኑረምበርግ በገዛ ማተሚያው ያሳተመው የቀን መቁጠሪያ በመጨረሻ ገጾቹ መሣሪያዎችን ይዟል፤ ከእነርሱም አንዱ የጨረቃን ስፍራ የሚያሳይ ተሽከርካሪ ክብ ነው። ዮሐንስ ሾነር በ1521 በባምበርግ የሁሉንም ፕላኔቶች እንቅስቃሴ በወረቀት ክቦች የሚያሳይ ሥራ አወጣ። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ፔትሩስ አፒያኑስ የተባለ የሳክሶኒ ተወላጅ በላንድስሁት ከተማ ስለ ምድርና ሰማይ አቀማመጥ የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተመ፤ ገማ ፍሪሲዩስ እያረመው በአንትወርፕም ደጋግሞ ታተመ፤ በዚያ ክፍለ ዘመን በብዛት ከተነበቡት የትምህርት መጻሕፍት አንዱም ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ለታሪክ ጸሐፊ የሚያጓጓ ነገር አለ። በእጅ በተጻፈ ብራና ክቡን የሚሥለው፣ የሚከፋፍለውና የሚቆርጠው ብዙ ጊዜ ያው አንድ እጅ ነው። በኅትመት ግን ሥራው ይከፈላል። ሊቁ ያሰላል፤ ቀራጩ በእንጨት ላይ ይቀርጻል፤ አታሚው በወረቀት ላይ ያትማል። ተሽከርካሪዎቹ ክፍሎች በሌላ ወረቀት ላይ ስለሚታተሙ፣ ከዚያ ተቆርጠው በገጹ ላይ መሰፋት ወይም መጣበቅ አለባቸው፤ ይህ ደግሞ የጠራዡ፣ አንዳንድ ጊዜም የገዢው ሥራ ነው። ስለዚህ የስሌቱ የመጨረሻ ደረጃ ስሙ በመጽሐፉ ላይ ባልተጻፈ፣ ላቲንም ባያነብ በማይገርም ሰው መቀስ ላይ ወደቀ።

እስቲ ከዚህ ሰው ጎን እንቁምና ሥራውን እንመልከት። ከተማሪዎቼ ጋር እነዚህን ክቦች በተደጋጋሚ ሠርተናል፤ የምናገረውም የቆራጩን ሥራ በእጅ ከመሞከር የተገኘ ነው።

የመጀመሪያው ሕግ እምብርቱ ከጠርዙ በፊት መበሳት አለበት የሚል ነው። ኅትመቱ የክቡን ማዕከል በነጥብ ወይም በመስቀል ምልክት ያሳያል፤ መርፌው እዚያ ላይ ቀጥ ብሎ ይገባል። ክቡ ከተቆረጠ በኋላ እምብርት ፍለጋ መሄድ የመሣሪያውን ትክክለኛነት ለጠርዙ አሳልፎ መስጠት ነው፤ ጠርዙ ደግሞ ከሁሉም ክፍል ይልቅ የማይታመን ነው። ሁለተኛው፣ ቀጭን ወረቀት ብቻውን አይቆረጥም። በሙጫ ከሌላ ወረቀት ጋር ተጣብቆ፣ በክብደት ሥር ተጭኖ፣ ፈጽሞ ሲደርቅ ነው ስለት የሚነካው። ርጥበት ያለው ወረቀት በስለቱ ፊት ይሸበሸባል፤ ጠርዙም ይቦጨቃል።

ሰፊ ክብ ለመቁረጥ መቀስ ይበቃል፤ ብልሃቱ መቀሱን ሳይሆን ወረቀቱን ማዞር ነው። መቀሱ በአንድ ቦታ ቆሞ በጉሮሮው ይቆርጣል፤ ግራ እጅ ወረቀቱን ሳያቋርጥ ይመግበዋል። በመቀሱ ጫፍ ቆርጦ ማቆም፣ እንደገና መጀመር ክቡን ወደ ብዙ ጎን ቅርጽ ይለውጠዋል። ክቡ ሲያንስ ግን መቀስ ይሸነፋል። የመቀሱ ስለት ቀጥ ያለ ነውና በጠባብ ኩርባ ላይ መዞሪያ ያጣል። አንድ እግሩ ስለት የሆነ ኮምፓስም የራሱ ጣጣ አለው። በወረቀቱ ውስጥ የገባው የስለቱ ክፍል 2 ሚሊ ሜትር ርዝመት ቢኖረው፣ ሬድየሱ 10 ሚሊ ሜትር በሆነ ክብ ላይ ከኩርባው የሚያፈነግጠው 0.05 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ዐይን አያየውም። ሬድየሱ 3 ሚሊ ሜትር በሆነ ክብ ላይ ግን ያው ስለት 0.17 ሚሊ ሜትር ያፈነግጣል፤ ወረቀቱም ከመቆረጥ ይልቅ ይገፋል። ከዚህም ሌላ ክቡ ባነሰ መጠን የኮምፓሱ መርፌ በቀዳዳው ውስጥ እየተንገዋለለ እምብርቱን ያሰፋዋል። መድኃኒቱ የስለቱን ጫፍ ብቻ ማስነካትና በአንድ ብርቱ ጉልበት ፋንታ በብዙ ቀላል ዙር መቁረጥ ነው። ከዚህም ላነሰ ክብ የቆዳ ሠራተኞች የሚያውቁት መሣሪያ አለ፦ አፉ ክብ ሆኖ የተሳለ የብረት መብሻ። ወረቀቱ ጭረቱ ወደ ላይ በቆመ የእንጨት ጉማጅ ላይ ይነጠፋል፤ መብሻው ይቆማል፤ በመዶሻ አንድ ጊዜ ይመታል። መብሻው ክቡን ያለ እንከን ያወጣዋል፤ ችግሩ መብሻው የራሱ መጠን እንጂ የሊቁ መጠን የሌለው መሆኑ ነው።

ወረቀቱ ራሱም ታማኝ አይደለም። በዚያ ዘመን ወረቀት የሚታተመው ረጥቦ ሳለ ነው፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል አይኮማተርም። ልዩነቱ ከሁለት መቶ አንድ እጅ ብቻ ቢሆን እንኳ፣ ስፋቱ 200 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ በአንድ በኩል 1 ሚሊ ሜትር ያጥራል። እንግዲህ ቆራጩ የሚጋፈጠው ምርጫ ይህ ነው፦ የታተመውን መስመር ተከትሎ ሞላላ ይቁረጥ ወይስ ኮምፓሱን ተከትሎ እውነተኛ ክብ ይቁረጥ? የእኔ ፍርድ ኮምፓሱን መከተል ይሻላል የሚል ነው፤ የዲግሪ ምልክቶቹ ቢዛነፉም ክቡ በቤቱ ውስጥ ሳይነቃነቅ ይዞራልና።

አሁን ወደ ዋናው መጽሐፍ እንምጣ። አፒያኑስ ከ1527 ጀምሮ በኢንጎልሽታት ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር፤ በከተማውም የራሱ ማተሚያ ነበረው። በ1540 «አስትሮኖሚኩም ቄሳሬዩም»፣ ማለትም የቄሣር ሥነ ፈለክ፣ የተባለውን መጽሐፍ አሳትሞ ለንጉሠ ነገሥት ካርል አምስተኛና ለወንድሙ ለፈርዲናንድ አበረከተ። ቁመቱ ከ40 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ፣ በእጅ ቀለም የተቀባ፣ በብዙ ገጾቹ ላይ እስከ ስድስት የሚደርሱ ክቦች የተደራረቡበት ግዙፍ መጽሐፍ ነው። ከእምብርቶቹ የሐር ክሮች ይወጣሉ፤ በክሮቹ ላይ ስፍራን ለማመልከት ትንንሽ ሉሎች ይንሸራተታሉ። አንባቢው ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቀኑን እያዞረ ያስተካክላል፤ ክሩን ይወጥራል፤ ፕላኔቷ ያለችበትን ዲግሪ ከዳሩ ላይ ያነብባል። ስሌት የማያውቅ መስፍን እንኳ የማርስን ስፍራ በጣቶቹ ሊያገኝ ይችላል።

ትንሹ ክብ የሚመጣው እዚህ ነው። በበጥሊሞስ ትምህርት ፕላኔቷ በምድር ዙሪያ በቀጥታ አትዞርም፤ እርሷ በንዑስ ክብ ላይ ትዞራለች፣ የንዑስ ክቡ እምብርት ደግሞ በታላቁ ተሸካሚ ክብ ላይ ይጓዛል። በጥሊሞስ ለተሸካሚው ክብ ሬድየስ 60 ክፍል ሲሰጥ፣ የማርስ ንዑስ ክብ 39 ክፍል ተኩል፣ የጁፒተር 11 ክፍል ተኩል፣ የሳተርን 6 ክፍል ተኩል ነው። ወደ ወረቀት እንለውጠው። ተሸካሚው ክብ 100 ሚሊ ሜትር ሬድየስ ቢኖረው፣ የሳተርን ንዑስ ክብ ሬድየስ ከ11 ሚሊ ሜትር በጥቂቱ ያነሰ ይሆናል። በዚህች ቁራጭ ዳር 360 ዲግሪ መከፋፈል አለበት፤ አንዱ ዲግሪ ከ0.2 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። የቆራጩ መርፌ ከእውነተኛው እምብርት 0.25 ሚሊ ሜትር ቢስት፣ ማለትም የአራት አምስት ፀጉር ውፍረት ያህል፣ በንዑስ ክቡ ላይ የሚነበበው ማዕዘን ከ1 ዲግሪ በላይ ይዛባል።

ይህ አስደንጋጭ ይመስላል፤ ነገር ግን ሥነ ፈለኩ ራሱ ለቆራጩ ይራራለታል። አንባቢው ሳተርንን የሚያያት ከንዑስ ክቡ እምብርት ሳይሆን ከምድር ነው፤ ምድር ደግሞ 100 ሚሊ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ያው 0.25 ሚሊ ሜትር ከዚያ ርቀት ሲታይ ወደ 8.6 የዲግሪ ደቂቃ ይወርዳል። ይህችን ቁጥር በአእምሯችሁ እንድትይዙልኝ እለምናለሁ።

ከንዑስ ክቡም ያነሰ፣ ማንም የማያየው ክብ ደግሞ አለ። በክር የተያዘ ክብ ይንገዋለላል። የተሻለው ዘዴ የወረቀት ቋት ነው፦ ከቀዳዳው ጋር እኩል የሆነ ትንሽ ክብ በቀዳዳው ውስጥ ይቀመጣል፤ ከላይና ከታች ሰፋ ያሉ ሁለት ክቦች ይጣበቁበታል፤ ተሽከርካሪው በመካከል ታስሮ ይዞራል። ቋቱ ከቀዳዳው ቢሰፋ ክቡ አይዞርም፤ በዲያሜትሩ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢጠብ ተሽከርካሪው በየአቅጣጫው ሩብ ሚሊ ሜትር ይዋልላል፤ ስሕተቱም መልሶ እዚያችው 8.6 ደቂቃ ላይ ያደርሰናል። የሜርኩሪ ገጽ ከአንድ በላይ እምብርት ላይ የሚዞሩ ክፍሎችን ስለሚጠይቅ፣ ከሚታየው ኅትመት በታች የተሰወረ የቋቶችና የድጋፎች ሥራ አለበት። በእኔ ግምት የመጽሐፉ እጅግ አስቸጋሪ ሥራ ያለው ማንም ቀለም ባልቀባው በዚህ ክፍል ነው።

ከዚህ ችግር መሸሻው መንገድ አስቀድሞም ይታወቅ ነበር፦ ክቡን ማተለቅ። በ1393 ገደማ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ በካምብሪጅ ፒተርሃውስ ኮሌጅ የሚገኝ የእጅ ጽሑፍ የፕላኔት መሣሪያ አሠራር ሲያስተምር 72 ኢንች ስፋት ያለው ክብ ከብረት ወይም ከእንጨት እንዲዘጋጅ ያዝዛል። ዴሬክ ፕራይስ በ1951 ሲያገኘው የቾሰር ሥራ መስሎት ነበር፤ በ2014 ግን ጽሕፈቱ የጆን ዌስትዊክ መሆኑ ታወቀ፤ ይህም ሰው እንደ ማቲው ፓሪስ የቅዱስ አልባን መነኩሴ ነው። በዚህ ስፋት ሩብ ሚሊ ሜትር ስሕተት ከ1 ደቂቃ በታች ይሆናል። ይሁን እንጂ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ክብ በመጽሐፍ ውስጥ አይታጠፍም፤ ለንጉሥም በእጅ አይሰጥም። የኑረምበርጉ ጌኦርግ ሃርትማን መካከለኛውን መንገድ መረጠ፦ የአስትሮላብን ክፍሎች በወረቀት አትሞ በእንጨት ላይ መለጠፍ። ናስ መግዛት ለማይችል ተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ እንጨቱም የወረቀቱን መኮማተር ይገታል።

ዮሐንስ ኬፕለር በ1609 ባሳተመው «አስትሮኖሚያ ኖቫ» ውስጥ የአፒያኑስን ድካም አሳዛኝ ብሎታል፤ ይህን ያህል ትጋት የተፈጥሮን እውነተኛ አሠራር ባልያዘ የክብ ጥልፍልፍ ላይ መፍሰሱ አስቆጭቶታል። ብዙ መማሪያ መጻሕፍት ይህን ፍርድ ይደግማሉ። እኔ ግን በከፊል ብቻ ነው የምቀበለው። አፒያኑስ ይሠራበት የነበረው መረጃ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን የአልፎንሶ ሠንጠረዦች የመጣ ነው። ወጣቱ ቲኮ ብራሄ በ1563 ጁፒተርና ሳተርን ሲገናኙ በተመለከተ ጊዜ፣ እነዚህ ሠንጠረዦች ወደ አንድ ወር የሚጠጋ ሲስቱ አገኘ፤ በኮፐርኒከስ ላይ የተመሠረቱትም በቀናት ይስቱ ነበር። በማርስ ላይ ደግሞ የሠንጠረዦቹ ስሕተት አንዳንድ ጊዜ በደቂቃ ሳይሆን በዲግሪ የሚቆጠር ነበር። ስለዚህ በጥንቃቄ የተቆረጠ የወረቀት ክብ ከተሸከመው ንድፈ ሐሳብ ይበልጥ ትክክለኛ ነበር ማለት ነው። በ1540 የጠራዡ መቀስ የሚወቀስበት ምክንያት አልነበረም፤ ስሕተቱ ከርሱ በላይ ከሠንጠረዡ ጋር ይመጣ ነበርና።

ይህ ሚዛን የተገለበጠው በቲኮ ዘመን ነው። ቲኮ ቴሌስኮፕ ሳይኖረው፣ በታላላቅ መሣሪያዎች የከዋክብትን ስፍራ በጥቂት ደቂቃዎች ልክ መለካት ቻለ። ኬፕለር እነዚህን ልኬቶች ይዞ ለማርስ በክብ ላይ የተመሠረተ ሞዴል ሠራ፤ ሞዴሉ ከልኬቱ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ 8 ደቂቃ ሆኖ ተገኘ። ለበጥሊሞስ ቢሆን ይህ ከቁም ነገር የሚገባ አልነበረም። ኬፕለር ግን የቲኮ ልኬት ይህን ያህል እንደማይስት ስላወቀ፣ ሞዴሉን ጥሎ በመጨረሻ ወደ ኤሊፕስ ደረሰ፤ ሥነ ፈለክን በሙሉ ለማደስ መንገድ የከፈቱት እነዚህ 8 ደቂቃዎች መሆናቸውንም ራሱ መስክሯል።

እንግዲህ ያስያዝኋችሁን ቁጥር አሁን መልሱልኝ። ሩብ ሚሊ ሜትር የሳተ መርፌ ወይም ግማሽ ሚሊ ሜትር የጠበበ ቋት በወረቀቱ ላይ የሚያመጣው ስሕተት 8.6 ደቂቃ ነው። ክብን ከሰማይ ያስወጣው ልዩነት በዚህ መጠን ባለ የወረቀት መጽሐፍ ላይ ቢፈለግ ኖሮ ከቆራጩ እጅ መንቀጥቀጥ ተለይቶ ሊታይ አይችልም ነበር። በአፒያኑስ ገጾች ላይ የማርስን መንገድ ሲያዞር የሚውል ሰው፣ የቱንም ያህል ንቁ ቢሆን፣ ኬፕለር ያየውን አያይም፤ የሚጠይቀውም ጥያቄ አይኖረውም። ኤሊፕስ ከመጣ በኋላ ደግሞ በመቀስ ማዳን አይቻልም። በኤሊፕስ ላይ የምትሄድ ፕላኔት ፍጥነቷ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ በእምብርቱ ዙሪያ እኩል የሚዞር ክብ ቆርጦ ይህን ማሳየት አይሆንምና፣ ተሽከርካሪው ወረቀት ቀስ በቀስ ከሊቃውንት መጻሕፍት ወጥቶ ወደ ትምህርት መርጃና ወደ ሕፃናት መጽሐፍ ተሻገረ።

ቲኮ ራሱ የ«አስትሮኖሚኩም ቄሳሬዩም» አንድ ቅጂ ነበረው። ቅጂው ዛሬ በጀርመን ጎታ ይገኛል፤ በ1967 በላይፕዚግ የታተመው ቅጂ የተዘጋጀውም ከእርሱ ነው፤ ለዚያም ኅትመት ክቦቹ ሁሉ እንደገና መቆረጥ ነበረባቸው።